እምቢታ ከነምርቃቱ

ውክልና የሚባለውን ነገር እኛ አበሾች ጠንቅቀን እናውቀዋለን። አገር ቤት የቀረች መኪና ለማስሸጥ፣ የአባት ቤት ለማከራየት፣ ዓመት ከዓመት የሚጓተት የውርስ ክርክር ለመከታተል ለወንድም ወይም ለአጎት ልጅ ውክልና ያልላከ ሰው እዚህ ላስ ቬጋስ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። እንልካለን፣ በላክንለት ሰው እንናደዳለን፣ እንኳረፋለን፣ በሽማግሌ እንታረቃለን፣ ከዚያ መልሰን ሌላ ውክልና እንልካለን። ግን ልብ ብላችሁ እንደሆነ የምንወክለው ሁልጊዜ ስለ እቃ ነው። ስለ ግድግዳና ስለ ጎማ። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሳንባችሁን ለሰው ወክላችሁ ታውቃላችሁ? "እኔ መናገር ባቃተኝ ቀን፣ ትንፋሼ ይቀጥል ወይስ ይብቃ የሚለውን እንትና ይናገርልኝ" ብላችሁ ፈርማችሁ ታውቃላችሁ?

አትቆጡኝ፤ ሟርተኛም አትበሉኝ። እኛ ዘንድ ገና ያልመጣን ሕመም በስሙ ማንሳት ደጅ የቆመን እንግዳ "ግባ" ከማለት እንደማይለይ አውቃለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰው ሲታመም ሐኪሙ ያለውን እንዳይሰማ ቤተሰቡ ተማክሮ ይደብቀዋል፤ ሰው ሲሞትበትም መርዶው እስኪደርሰው አገር ሁሉ አውቆ እሱ ብቻ ሳያውቅ ይከርማል። ታዲያ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነገር አለ። እንዲህ የሞትን ስም የምንሸሽ ሰዎች፣ ማዕድ ላይ ስንቀመጥ "በሞቴ!" እያልን አይደል የምንጎራረሰው? "አፈር ስሆን፣ ይህቺን ብቻ!" አንዲት ጉርሻ ለማስዋጥ ራሱን ገድሎና ቀብሮ የሚለምን ሕዝብ፣ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ስለ ሞቱ ሲጠየቅ እስክሪብቶውን ጥሎ ይነሣል። ይህን ነገር ሳወጣ ሳወርድ ኖሬ ምሥጢሩ ትንሽ የተገለጠልኝ ጎረቤቴ ጋሽ እንድሪስ ልባቸውን ሊታከሙ በተነሡ ጊዜ ነው።

ጋሽ እንድሪስ የደሴ ሰው ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አንድ ትልቅ ሆቴል ኩሽና ውስጥ ሠርተዋል። ወደ ሥራ ሲገቡም ሲወጡም የሚያልፉት በካዚኖው መሀል ነበር፤ አንድም ቀን ግን እጃቸውን ወደ ቁማሩ ማሽን አልዘረጉም። "ሐራም ነው" ይላሉ፤ ትንሽ ቆየት ብለው ደግሞ "ማሽኑንስ ለምን አስቸግረዋለሁ?" ይላሉ። ለማሽን እንኳ ይሉኝታ ያላቸው ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እኔ ባለሁበት የአፓርትመንት ግቢ፣ ከኔ በር ፊት ለፊት ብቻቸውን ይኖራሉ። እኔም ብቻዬን ነኝ። እኔ ክርስቲያን፣ እሳቸው ሙስሊም ስለሆንን ሥጋ ላይ አንገናኝም፤ ሽሮና ምስር ላይ ግን ተስማምተን አብረን መብላት ከጀመርን ቆይተናል።

አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ሐያት የምትባል። ገና ሕፃን ሳለች ነው ይዘዋት የመጡት። ዛሬ ፋርማሲስት ሆና ግሪን ቫሊ የሚባል ሰፈር የራሷ ቤት አላት። አባቷን ትወዳለች፤ ይህን ማንም አይጠራጠርም። ቅዳሜ ቅዳሜ መጥታ ቤቷ ትወስዳቸዋለች። ገና ሲገቡ "አባ፣ ምሳ ትበላለህ?" ትላቸዋለች። አማርኛዋ ውስጥ "እርስዎ" የሚባል ነገር የለም፤ ይህን ይቅር ብለናታል። እሳቸውም እንደ ማንኛውም ጨዋ ሰው "አይ፣ በልቼ ነው የመጣሁት፣ አላህ ይስጥሽ" ይላሉ። "ኦኬ" ትላለች። አለቀ። ወደ ማታ ሲመለሱ የኔን በር ያንኳኳሉ። ስለ ሙቀቱ ትንሽ ካወራን በኋላ ዓይናቸው ምድጃው ላይ ወደተጣደው ድስት ይሄዳል። እኔ በወጉ እለምናለሁ፣ እሳቸው በወጉ እምቢ ይላሉ፣ ሦስተኛው "በሞቴ" ላይ ተነሥተው እጃቸውን ይታጠባሉ። "ልጅዎ ቤት ምሳ አልበሉም እንዴ?" ስላቸው "ኧረ አቅርባ ነበር" ይላሉ። አልዋሹም። ማቅረቡንማ አቅርባለች።

እንግዲህ ወረርሽኙ መጣ። ካዚኖዎቹ ተዘግተው፣ ሌሊቱን ከቀን አላስለይ ይል የነበረው ስትሪፕ የሚሉት የካዚኖ ጎዳና ጨለመ። እኔ አየር ማረፊያ ዊልቸር እገፋለሁ፤ ያን ሰሞን የሚገፋ ሰው ጠፍቶ ባዶ ወንበሮቹን እየወለወልኩ ሺፍቴን እጨርስ ነበር። ከተማው ቀስ በቀስ ተከፍቶ በጭምብል ውስጥ መተንፈስ ሲጀምር፣ የጋሽ እንድሪስ የልብ ሐኪም ቀዶ ጥገናው ከዚህ በላይ መቆየት የለበትም አላቸው። አንዱ የልባቸው በር ጠቦ ኖሯል። ደረጃ ሲወጡ መሀል ላይ ቆመው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የግቢውን ማስታወቂያ ደጋግመው የሚያነቡት ለካ ትንፋሽ እየሰበሰቡ ነው!

ከቀዶ ጥገናው በፊት ሜዲካል ዲስትሪክት በሚሉት የሆስፒታሎች ሰፈር ያለ ክሊኒክ ቀርበው ከአንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ጋር የጤና ውክልና እንዲሞሉ ቀጠሮ ተያዘላቸው። የጤና ውክልና ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ መናገር ሲያቅትዎ ማን ይናገርልዎ፣ ምንስ ብሎ ይናገርልዎ። የመጀመሪያው ቀላል ነበር፤ ሐያት። ሁለተኛው ላይ ግን ጋሽ እንድሪስ "ልጄ ፊት ስለ ሞቴ አላወራም" ብለው ድርቅ አሉ። እንግሊዝኛቸው ለሰላምታና ለምስጋና እንጂ ለእንዲህ ያለ ወሬ ስለማይደርስ፣ ክሊኒኩ አስተርጓሚ በስልክ ያቀርባል ሲባሉም "ፊቱን ለማላየው ሰው የሆዴን ላወራ?" አሉ። በዚያ ጊዜ አንድ አጃቢ ብቻ ነበር የሚፈቀደው። አጃቢውም አስተርጓሚውም እኔ ሆንኩ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር። በእንግሊዝኛዬ እኮራለሁ። ሰው ያለውን ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ አስተላልፋለሁ ብዬም አምናለሁ። ሴትዮዋ ከጭምብሏ በላይ የፕላስቲክ መከለያ አድርጋ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣለች፤ የሚታየን ዓይኗ ብቻ ነው፣ እሱም ደግ ዓይን ነበር።

"ልብዎ ቢቆም ደረትዎን እየተጫኑ ሊመልሱት እንዲሞክሩ ይፈልጋሉ?" ብላ ጀመረች።

ጋሽ እንድሪስ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "የለም፣ የለም! አይድከሙ በላት። አላህ ይስጥልን።"

"ኖ፣ ታንክ ዩ" አልኩ።

"ራስዎ መተንፈስ ቢያቅትዎስ፣ ለጊዜው ማሽን እንዲያግዝዎ?"

"ኧረ ምን በወጣቸው! ለሌላ ሰው ይሁን። ልጆቿን ያሳድግላት በላት።"

"ኖ፣ ታንክ ዩ።"

"መዋጥ ቢያቅትዎ በቱቦ መመገብ?"

"በልቻለሁ" ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። "አልፈልግም" አሉ።

"ኖ" አልኩ፤ ይህቺኛዋ አጭር ስለሆነች እኔም አሳጠርኳት። የማልጨምር፣ የማልቀንስ አስተርጓሚ አይደለሁ?

ሴትዮዋ ሁሉንም ጻፈች። ስንወጣ ወደኔ ጠጋ ብላ "የሚፈልገውን እንዲህ ጥርት አድርጎ የሚያውቅ ሰው ብዙ አያጋጥመኝም" አለችኝ። እኔም በደንብ በማስተርጎሜ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ወረቀቱን ቤት ወስደው ከልጃቸው ጋር አይተውት፣ ከቀዶ ጥገናው በፊት ፊርማ በሚያረጋግጥ ኖተሪ ፊት እንዲፈርሙ ተነገረን።

መኪና ውስጥ ጋሽ እንድሪስ ዝም አሉ። ዝም አይነቅዝም ብዬ እኔም ዝም ልል ነበር፣ ግን አስቻለኝ? "ደግ ሴት ናት፣ አይደል ጋሼ?" አልኩ።

"ደግስ ደግ ናት።" አሉ። "ግን አሳዳጊ የበደላት ትመስለኛለች።"

"ኧረ! ምን አደረገች?"

"አንዴ ጠየቀችኝ፣ እምቢ ስል ጻፈችው። ሰው እንዴት በአንድ ቃል ይጽፋል?"

ቀይ መብራት ላይ ነበርን። አረንጓዴው በርቶ ከኋላዬ ያለው ሰው ክላክሱን እስኪያስጮኸው ድረስ አላየሁትም። "ጋሼ፣ እምቢ ያሉት የእውነትዎን አልነበረም እንዴ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? የትንፋሽ ማሽን እጥረት አለ ሲባል በቴሌቪዥን አላየህም? ልጆቿን ያላሳደገች እናት ትንፋሽ አጥሯት ተኝታ፣ እኔ ሽማግሌው 'አዎ፣ ለኔ አምጡልኝ' ልበል? ደግሞ በማላውቃት ሴት ፊት?"

"ታዲያ መዳን አይፈልጉም?"

በመስኮቱ ውጭውን እያዩ "ሐያት ገና አላገባችም" አሉ።

አያችሁ? ወረቀቱ ላይ የሰፈረው የጋሽ እንድሪስ ፍላጎት አይደለም፤ ጨዋነታቸው ነው። እኔ ደግሞ ይህን ማወቅ ነበረብኝ። ሥራዬ ነዋ! ስንት የኛ አገር እናት ከረጅም በረራ ወርዳ፣ እግሯ አብጦ፣ ወንበሩን ይዤ ስቀርብ "ኧረ ልጄ፣ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ተባረክ" ብላኛለች? አንዷንም አምኜ አላውቅም። ወንበሩን አስጠግቼ እቆማለሁ፣ ሁለቴ እምቢ ትላለች፣ በሦስተኛው ቁጭ ብላ "እፎይ" ትላለች። ታዲያ ክሊኒኩ ውስጥ ምን ነካኝ? እንደሚመስለኝ ሰው በእንግሊዝኛ ሲናገር ሌላ ሰው ይሆናል። በአማርኛ የሚያውቀውን በእንግሊዝኛ አያውቀውም።

ያስፈራኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ወረቀት ከተፈረመ፣ ጋሽ እንድሪስ አንደበታቸው በተዘጋ ቀን ያንን "ኖ፣ ታንክ ዩ" ይዛ የምትቆመው ሐያት ናት። "በልቻለሁ" ሲሏት "ኦኬ" የምትለው ሐያት። አባቷን ከመውደዷ ብዛት ቃላቸውን ሳታጎድል ትፈጽማለች። እሳቸውም ይሞታሉ።

ደወልኩላት። ነገሩን ሁሉ ስነግራት በትዕግሥት ሰማችኝና "ጋሽ ተስፋዬ፣ ግን ኖ ካለ ኖ ነው። የአባን ዊሽ ሪስፔክት ማድረግ አለብኝ። ሥራ ላይም እንደዛ ነው የተማርነው" አለች።

"ቅዳሜ ቅዳሜ አባትሽ ራታቸውን እኔ ጋ እንደሚበሉ ታውቂያለሽ?"

"እኔ ጋ ቆይቶ ከመጣ በኋላ?"

"አዎ። ርቧቸው ነው የሚመጡት።"

"ሁልጊዜ?" አለች ድምፅዋ ተሰብሮ። "ለምን አልነገረኝም?"

"እስክትለምኛቸው እየጠበቁ ነዋ።"

ይኼኔ ተናደደች። "ይሄ ፌር አይደለም! እሺ ምሳው ይሁን። ሆስፒታል ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቶ፣ ዶክተሩ እኔን ሲጠይቀኝ፣ ምን ልበል? በግምት ልናገር? አባቴን ጌስ ላድርገው?"

ልጅቷ እውነቷን ነው። ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር ብዙ አስቤበታለሁ። እዚህ አገር አንዴ ጠይቆ ማመን ትልቅ ክብር ነው፤ ቃልህን እንደ ቃል ይቆጥሩልሃል፣ አዋቂ ሰው ነህ ይሉሃል። እኛ አገር ደግሞ ደጋግሞ መጠየቅ ክብር ነው፤ አፍህን ትተው ሆድህን ያምናሉ። ሁለቱም ደግ ነው። በሁለቱ መሀል የወደቀ ሰው ግን እንደ ጋሽ እንድሪስ ጦሙን ይውላል። ደግሞስ መደጋገሙ የሚሠራው መልስ የሚሰጥ አፍ እስካለ ድረስ አይደል? ውክልናው የሚያስፈልገው አፉ በጠፋ ቀን ነው። ያን ቀን ሦስቴ ቢጠየቅ ማን ይመልሳል? ስለዚህ የሚለመነው ዛሬ ነው ተባባልን፣ ያን ዕለት በስልክ ከሐያት ጋር።

እሑድ ሐያት መጣች። የጋሽ እንድሪስን ሳሎን መስኮቶች ወለል አድርገን ከፍተን፣ ሦስታችንም ጭምብላችንን አድርገን ተራርቀን ተቀመጥን። ጋሽ እንድሪስ ልጃቸው ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሲያዩዋት እኔን ገላመጡኝ። "አሳልፈህ ሰጠኸኝ፣ አይደል?" የሚል ግልምጫ ነበር። እኔም ምንጣፉን አየሁ።

"አባ፣ ልብህ ቢቆም ደረትህን ፕሬስ አድርገው እንዲሞክሩ ትፈልጋለህ?"

"ምን ዓይነት ሟርት ነው! አይድከሙ ብያለሁ። አላህ ይስጣቸው።"

"አባ፣ እንደገና እየጠየቅሁህ ነው። ትፈልጋለህ?"

"ተይኝ ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥሽ።"

ሐያት ወደኔ ዞረች። በዓይኔ ቀጥይ አልኳት። ወረቀቱን ወለሉ ላይ አስቀመጠች፤ ከሶፋው ተነሥታ አባቷ እግር ሥር ተቀመጠች።

"አባ፣ በሞቴ።"

ይህቺን ቃል ከየት እንዳመጣቻት አላውቅም። እናቷ በሕይወት ሳሉ ሲያጎርሷት የሰማችው ይሆናል። ጋሽ እንድሪስ ልጃቸውን ቁልቁል አዩዋት። ጭምብላቸውን ወደ አገጫቸው ሳብ አደረጉት፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"ከጠየቅሽኝማ ይሞክሩ" አሉ። "ይሞክሩ ልጄ። እኔ መኖር እፈልጋለሁ።"

እኔ እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ አላለቅስም ብዬ አልዋሽም። መስኮቱን ጠጋ አድርጌ ልመለስ ብዬ ተነሥቼ መስኮቱ ጋ ትንሽ ቆየሁ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ብቅል የማይቀምስ ሰው ሆድ ግን ምን እንደሚያወጣው ያን ቀን ነው ያየሁት።

ወደ ማሽኑ ጥያቄ አለፉ። እዚህ ላይ ጋሽ እንድሪስ ራሳቸው ጠያቂ ሆኑ። እስከ መቼ ነው የሚያቆዩኝ? ስድን ይነቅሉታል ወይስ እዚያው ይረሱኛል? ሌላ ሰው ተነቅሎበት ነው ወይ ለኔ የሚሰጡኝ? ሐያት የምታውቀውን በእንግሊዝኛ፣ እኔ በአማርኛ እየተቀባበልን አስረዳናቸው። አሰቡበትና "የምድን ከሆነ ያግዙኝ" አሉ። "አንቺን ለይቼ የማላውቅ ከሆነ ግን ከዚያ ወዲያ አታቆዩኝ። ወደ ጌታው የሚሄድን ሰው መንገድ አይዘጉበትም።" ሐያት ቃል ሳታጎድል ጻፈችው።

ቱቦው ላይ ስንደርስ ልጅቷ ልመናውን ለምዳዋለች። "አባ፣ በቱቦ መመገብስ?"

"አልፈልግም።"

"እንደገና ልጠይቅህ።"

"አልፈልግም።"

"በሞቴ፣ አባ!"

"አልፈልግም አልኩሽ።"

አራተኛም ጠየቀች መሰለኝ። ግራ ተጋብታ ወደኔ ስትዞር፣ እኔ ሌላ ነገር እያዳመጥኩ ነበር። ጋሽ እንድሪስ ደረቴን አይጫኑኝ ሲሉ "አላህ ይስጥልን" ብለው ነበር። ማሽኑን እምቢ ሲሉ የሴትዮዋን ልጆች መርቀዋል። ለሐያትም "ዕድሜ ይስጥሽ" ብለዋል። ይህ ቱቦ ግን ክሊኒኩ ውስጥም ሆነ እዚህ፣ አንዲት ምርቃት እንኳ አልተጣለለትም። ለካ የይሉኝታ እምቢታ የሚመጣው ከነምርቃቱ ነው! የእውነቱ እምቢታ ባዶውን ይመጣል። ይህን ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼዋለሁ፣ ራሴም ብዬዋለሁ፤ አንድም ቀን ግን ልብ ብዬው አላውቅም።

"ተያቸው" አልኳት። "ይኼኛው የእውነታቸውን ነው።" ምክንያቱን ስነግራት እንደ መድኃኒት አወሳሰድ ቃል በቃል ደገመችው፤ ምርቃት ካለ ይደገማል፣ ምርቃት ከሌለ ይጻፋል። ጋሽ እንድሪስም ሳንጠይቃቸው "እናትሽን አይቻታለሁ" አሉ። ሐያት አንገቷን ደፋች። ከዚያ በኋላ ስለ ቱቦ ያነሣ የለም።

ኖተሪዋ የመጣችው በቀጠሮ ነው፤ ቤት አልገባም ብላ ግቢው ውስጥ በመኪና ኮፈን ላይ አስፈረመቻቸው። ጋሽ እንድሪስ ፈርመው ሲጨርሱ "አረፍኩ" አሉ። እኔ የጠበቅሁት ፍርሃት ነበር። ሟርት ነው ስንለው የኖርነው ነገር ተጽፎ ሲያልቅ ሰው ይቀለዋል መሰለኝ። ይህንንም ገና እያሰብኩበት ነው።

የቀዶ ጥገናው ቀን ሆስፒታሉ ጠያቂ አያስገባም ነበር። በሩ ላይ ጋሽ እንድሪስ "አብሽሪ" ብለው ልጃቸውን ግንባሯን ሳሙ፤ እኔንም "አይዞህ" አሉኝ፣ የሚቀደዱት እሳቸው ሆነው ሳለ። ሐያትና እኔ መኪና ማቆሚያው ውስጥ በመኪናዋ ቁጭ ብለን ስልኳን እናይ ነበር። እሷ በሷ ትጸልያለች፣ እኔ በኔ። ቀኑ ሲጋመስ ሐኪሙ ደውሎ በደህና አለቀ አለን። "አልሐምዱሊላህ!" ብዬ የጮኽኩት እኔ ነኝ፤ ሐያት መሪው ላይ ግንባሯን ደፍታ ታለቅስ ነበር።

ከዚያ ብዙ ቆይቶ አንዲት ነርስ ደወለች። ድምፅዋ ፈገግ ያለ ነው። አባትሽ ነቅተዋል፣ እንዴት ያሉ ደስ የሚሉ ሰው ናቸው፣ ሕመም ካለዎ ማስታገሻ ልስጥዎ ብላቸው አያስፈልገኝም ብለውኛል፣ ደህና ናቸው፣ ሐሳብ አይግባሽ አለቻት።

"ኦ..." አለች ሐያት። "ኬ"ዋ አልወጣችም። ከንፈሯ ላይ ይዛት ቀረችና "ይቅርታ፣ ኖ ያለው እንዴት ብሎ ነው?" ስትል ጠየቀቻት።

"እንዴት ማለት?"

"ቃሉን ንገሪኝ። በትክክል ምን አለሽ?"

ነርሷ እንደ መሳቅ አለች። እንግሊዝኛቸው እኮ ጥሩ ነው፤ አመሰገኑኝ፣ ከዚያ እግዚአብሔር ይባርክሽ አሉኝ፣ ከዚያ ልጆቼን ባረኩልኝ፣ ከዚያ ደግሞ እጆቼን ባረኩልኝ አለች።

ሐያት ወደኔ ዞረች። ፊቷ አመድ መስሏል። "ጋሽ ተስፋዬ፣ አባ በጣም አሞታል!" አለችኝ፤ ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሰች። "እባክሽ ተመልሰሽ ጠይቂው። ኖ ካለሽም እንደገና ጠይቂው። ባርኮት እስኪያቆም ጠይቂው። እኔ ወኪሉ ነኝ።"

ነርሷ መልሳ ደወለች። ድምፅዋ ላይ ፈገግታው አልነበረም። ለካ ላብ አጥምቋቸው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ነው የመረቋት። ሁለተኛ ስትጠይቃቸው እናት አባቷን መርቀዋል። በሦስተኛው "ካስቸገርሽኝማ፣ ትንሽ" ብለዋል። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ጨምሪልኝ ብለዋል።

ጋሽ እንድሪስ ዛሬ ደህና ናቸው። ያ ሁሉ የለፋንበት ውክልና ሐያት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፤ አንዲት ቃሉም እስካሁን አላስፈለገችም፣ ኢንሻአላህ አታስፈልግም። ሐያት ግን አመል አወጣች። ያገኘችውን አበሻ ሁሉ ስታዳምጥ ጆሮዋ ምርቃት ይቆጥራል።

ባለፈው ቅዳሜ አባቷን ልትወስድ መጥታ እግረ መንገዷን ወደኔ ብቅ አለች። "ጋሽ ተስፋዬ፣ ያንተስ ውክልና የት ነው? ብትታመም ማን ይናገርልሃል?" አለችኝ።

"ውይ ልጄ!" አልኳት። "እኔ ምን ያደርግልኛል? ጤነኛ ነኝ። አዲስ አበባ እህት አለችኝ። ደግሞ ባንቺ ላይ የምን ሸክም ነው፣ ሥራሽ ይበቃሻል። ስላሰብሽልኝ እግዜር ይስጥሽ። ተባረኪ። ያሰብሽው ይሙላልሽ። የአብርሃምና የሳራን ትዳር ይስጥሽ። ክፉ አይንካሽ።"

ሐያት እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። አልሳቀችም። የመኪናዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እኔ በዚህ አገር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ እምቢ ካልኩ በኋላ ወንበር ስቦ የተቀመጠልኝ ሰው የለም።

"እሺ" አለች። "እንደገና ልጠይቅህ።"

ይህን ስጽፍላችሁ ገና ሁለተኛው ላይ ነን።